ሙዙ የማን ነው? የአንዲ ዋርሆል ሕይወት በአልበም ሽፋኖቹ በኩል

ሁለተኛ ዓመት ሳለን የአንድ የሙዚቃ አልበም ሽፋን ነድፈን እንድንመጣ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። የክፍላችን ልጆች ያመጡትን ግድግዳው ላይ ስንደረድረው ሁሉም የአንድ እናት ልጆች መሰሉ። የዘፋኙ ፎቶ መሃል ላይ፣ ስሙ ከላይ በትልቁ፣ የአልበሙ ርዕስ ከሥሩ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የአሳታሚው ሙዚቃ ቤት ምልክት። የወላጆቻችንን ካሴት መደርደሪያ ላይ እያየን ያደግን ስለሆንን ሽፋን ማለት ይኸው ነው ብለን ተቀብለነዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ልለይ ብዬ የፊት ገጹ ላይ አንዲት ስኒ ብቻ አስቀመጥኩና ስም የተባለውን ሁሉ ወደ ጀርባ ላክሁት። መምህራችን አየት አደረጉትና፣ ገዢው ሱቅ ገብቶ የማንን ስጡኝ ይበል ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ማርኬም ተቆረጠ።

እልህ ይዞኝ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የምፈልገው ስም የሌለበት ሽፋን ሠርቶ የተሳካለት ሰው ነበር፤ ያገኘሁት አንዲ ዋርሆልን ነው። መቼም የዲፓርትመንታችን ልጅ ሆኖ የሾርባ ጣሳዎቹንና የማሪሊን ሞንሮን ምስል የማያውቅ የለም። የአልበም ሽፋን ሠሪነቱ ግን ብዙም ሲነሳ አንሰማም። ሰውዬው ኮሌጅ እንደጨረሰ ከያዛቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የአልበም ሽፋን ነበር፤ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩትም ይሠራ የነበረው እሱኑ ነው። ካናዳዊው ሰብሳቢ ፖል ማሬሻል ፈልጎ ያገኛቸውና በመጽሐፍ ያሳተማቸው ሽፋኖቹ ከ50 አያንሱም። በዚህ ጽሑፍ የዋርሆልን ሕይወት በእነዚህ ሽፋኖች በኩል ለማየት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ሸክላ ሲጀመር ሽፋን የሚባል ነገር አልነበረውም ማለት ይቻላል። የያኔው ሸክላ በአንድ ፊቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ብዙው አንድ ላይ ሆኖ እንደ ፎቶ አልበም በተጠረዘ ደብተር ውስጥ ይሸጥ ነበር፤ አልበም የሚለው ስም የቀረውም ከዚያ ነው። ላዩ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ርዕሱ ብቻ ይጻፍበታል። በ1939 ኮሎምቢያ የተባለው አሳታሚ የቀጠረው አሌክስ ስታይንዋይስ የሚባል ወጣት ይህ ልብስ እንዲህ ሆኖ ዕቃ አይሸጥም ብሎ አለቆቹን አሳመነና ሽፋኖቹን በሥዕልና በፊደል ማስጌጥ ጀመረ። ሽያጩ ጨመረ። በ1948 ያው ኩባንያ በአንድ ፊቱ 20 ደቂቃ አካባቢ የሚይዘውን ረጅም ሸክላ ሲያወጣ ደግሞ ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ካሬ ካርቶን ለዲዛይነሮች ተከፈተላቸው። ሱቅ ውስጥ ሸክላው በሣጥን ተደርድሮ በጣት እየተገፋ ስለሚታይ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ከላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ስም ከላይ ሆነ፤ ፊት ከሥሩ፤ የአሳታሚው ምልክት ጥግ ላይ። የእኛም የካሴት ሽፋን የዚህ ልማድ የልጅ ልጅ ነው።

አንድሩ ዋርሆላ የተወለደው ኦገስት 6 ቀን 1928 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በብረት ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው ፒትስበርግ ከተማ ነው። ወላጆቹ ዛሬ በስሎቫኪያ ውስጥ ከምትገኝ ሚኮቫ ከምትባል መንደር የተሰደዱ ድሆች ነበሩ። አባቱ የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው እጅና እግርን ያለ ፈቃድ በሚያንቀጠቅጥ በሽታ ተይዞ አልጋ ላይ ዋለ። እናቱ ወይዘሮ ጁሊያ እያጠገቡት፣ ቀለምና ወረቀት እያቀረቡለት፣ እሱም የፊልም ተዋናዮችን ፎቶ እየሰበሰበ ያንን ጊዜ አሳለፈ። ቤተሰቡ በየሳምንቱ የሚሄደው በቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስም ወደተሰየመ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዚያ ሥርዓት ቤተ መቅደሱን የሚጋርደው ግድግዳ በቅዱሳን ሥዕል የተሞላ ነው፤ ፊት ለፊት የሚያይ ፊት፣ ወርቃማ መደብ፣ አጠገቡ የቅዱሱ ስም። ብዙ ተመራማሪዎች በኋላ የሠራውን የማሪሊንን የወርቅ ሥዕል ከዚህ ጋር ያያይዙታል። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ልጁ የአልበም ሽፋንን ሕግ የተማረው እዚያው ቆሞ ነው። ፊት፣ መደብ፣ ስም፤ ሌላ ምን ቀረ?

አባቱ በ1942 ሞቱ። ያጠራቀሟት ገንዘብ ለትንሹ ልጅ ትምህርት እንድትውል ተደርጋ አንዲ ካርኔጊ የቴክኖሎጂ ተቋም ገባ፤ በ1949 በሥዕላዊ ዲዛይን ተመርቆ ከክፍል ጓደኛው ከሠዓሊ ፊሊፕ ፐርልስታይን ጋር ኒውዮርክ ወረደ። ከስሙ መጨረሻ ላይ ያለችውን አንድ ፊደል የጣላትም በዚያ ሰሞን ነው። ዋርሆላ ዋርሆል ሆነ። በዚያው በ1949 ለኮሎምቢያ የመጀመሪያ ሽፋኑን ሠራ፤ ካርሎስ ቻቬዝ የመራው የሜክሲኮ ሙዚቃ ሸክላ ነው።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ዋርሆል እንደ ዛሬው ፍሪላንሰር ከኩባንያ ኩባንያ ቦርሳውን ይዞ የሚዞር ሠራተኛ ነበር። ለመጽሔት ጫማ ይሥላል፣ ለመስኮት ማሳያ ያስጌጣል፣ ለሸክላ ሽፋን ይሠራል። የሚታወቀው በአንድ ዘዴ ነው፤ ሥዕሉን በቀለም በአንዱ ወረቀት ላይ ያሰምርና ሳይደርቅ ሌላ ወረቀት ላይ ይጫነዋል። የሚወጣው መስመር የተቆራረጠ፣ እዚህ ወፍሮ እዚያ የሳሳ ነው። የሰው እጅ ያረፈበት ሆኖ ሳለ የማተሚያ ማሽን የነካው ይመስላል። በ1955 ለካውንት ቤዚ አልበም የሠራው የፊት ሥዕል የልማዱን ሕግ የጠበቀ ነው። በ1958 ለጊታሪስቱ ኬኒ በረል አልበም ግን ጊታርም ጊታሪስትም የሌለበት፣ ጋደም ያለች ሴት የመስመር ሥዕል ሰጠ። ያ አልበም የወጣው ብሉ ኖት በተባለው አሳታሚ ሲሆን ፊደሉንና አቀማመጡን ይሠራ የነበረው ሪድ ማይልስ ነው። ማይልስን የማያውቅ ተማሪ ካለ ዛሬውኑ ይፈልገው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ሰው ነው።

አሁን ወይዘሮ ጁሊያን እንመልሳቸው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ልጄ ኒውዮርክ ብቻውን ምን ይበላል ብለው ይመስላል፣ ከፒትስበርግ መጥተው አብረውት መኖር ጀመሩ፤ 20 ዓመት ያህልም ቆዩ። እንግሊዝኛቸው የስደተኛ እንግሊዝኛ ነበር፤ የእጅ ጽሕፈታቸው ግን እንደ ጥልፍ የተጠማዘዘና ያማረ ነው። ልጃቸው ይህን አየና ሥራ አስያዛቸው። እሱ ይሥላል፣ እሳቸው ጽሑፉን ይገለብጣሉ። ፊደል ሲዘሉ አያርመውም። በ1954 ባሳተመው የድመቶች መጽሐፍ ርዕስ ላይ አንድ ፊደል ዘልለው እንደዘለሉት ታትሟል። በ1957 ደግሞ ሙንዶግ ለሚባል ዓይነ ሥውር ሙዚቀኛ አልበም የፊት ገጹን ከዳር እስከ ዳር በጽሕፈታቸው ሞሉት። ፎቶ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ፊደል ብቻ። ሙንዶግ ኒውዮርክ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጫወት ሰው ነበር፤ ፊቱን ማሳየት ቀላሉ ነገር ሆኖ ሳለ ሽፋኑ ላይ ያለው የአንዲት እናት ጽሕፈት ነው። ለእኔ ከሁሉም የዋርሆል ሽፋኖች የሚበልጠው ይኸኛው ነው፤ የተስማማኝ ሰው እስካሁን ባላገኝም።

ሥራው ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ላይ የተጻፈው ግን ጁሊያ ዋርሆላ የሚለው ስም አይደለም፤ የአንዲ ዋርሆል እናት ተብለው ነው የተሸለሙት። በእኛ አገር ሴት በልጇ ስም የእገሌ እናት ተብላ ስትጠራ አክብሮትም አለው፤ ስለዚህ ነገሩን በክፋት ብቻ ማየት ይከብደኛል። ሆኖም ዲዛይን ለሚማር ሰው ከሽፋን ላይ የማን ስም ይቀራል የሚለው ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ1962 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፌረስ ጋለሪ 32 የሾርባ ጣሳ ሥዕሎች አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም በሥነ ጥበብ ታሪክ ኮርስ ስለተማርነው አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። በ1964 የብሪሎ ሳሙና ማሸጊያ ካርቶን የሚመስሉ የእንጨት ሣጥኖች ሠርቶ ኤግዚቢሽን ሲያቀርብ ከተገኙት ሰዎች አንዱ ጄምስ ሃርቬይ የሚባል ሠዓሊ ነበር። ሃርቬይ ለእንጀራው ብሎ በማሸጊያ ዲዛይነርነት ይሠራ ነበር፤ እውነተኛውን የብሪሎ ካርቶን የነደፈውም እሱ ነው። የእሱ ካርቶን ሱፐርማርኬት ተጣለ፤ የዋርሆል ሣጥን ሙዚየም ገባ። ሃርቬይ በዓመቱ ሞተ፤ ስሙን ዛሬ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ወደ ሙዙ ደረስን። በ1965 መጨረሻ ዋርሆል ቬልቬት አንደርግራውንድ የተባለውን የኒውዮርክ ባንድ አገኘና ማኔጀራቸው ሆነ። ጀርመናዊቷ ኒኮ ከእነሱ ጋር እንድትዘፍን ያደረገውም እሱ ነው። አልበሙ በአብዛኛው በ1966 ተቀርጾ በማርች 1967 ቨርቭ በሚባለው አሳታሚ ወጣ። የፊት ገጹ ነጭ ነው። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው አንድ ቢጫ ሙዝ ተኝቷል። ከሙዙ ጫፍ አጠገብ ቀስ አድርገህ ላጠው የሚል መልእክት ያላት በጣም ትንሽ ጽሑፍ አለች። ልጣጩ እውነተኛ ስቲከር ነው፤ ሲነሳ ከሥሩ ሮዝ የሆነ ሙዝ ይወጣል። ይህን ስቲከር ለመለጠፍ ልዩ ማሽን አስፈልጎ ነበር። በሸክላ ንግድ ልማድ ሽፋን የሚታይ ነገር ነው፤ ይኼኛው የሚነካ ሆነ። ገዢው ቤቱ ወስዶ በጥፍሩ ካልሞከረው ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ሲላጥ ደግሞ ይበላሻል። ዛሬ ልጣጩ ያልተነካ ቅጂ ውድ ዋጋ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ ዲዛይኑ ያዘዘውን ያደረገ ሰው ከሰረ።

እኔ ቤተ መጻሕፍት ስገባ የፈለግሁት ማስረጃ ይህ ነበር። የባንዱ ስም ከፊት ገጹ ላይ የለም። ርዕስም የለም። ይኸው፣ አልኩ። ሥዕሉን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ከታች በቀኝ በኩል ስም አለ። አንዲ ዋርሆል ይላል። እንግዲህ ይህ ስም የሌለበት ሽፋን አይደለም፤ ዘፋኙ ወጥቶ ሠዓሊው የገባበት ሽፋን ነው። መምህሬ የጠየቁኝ ጥያቄ መልስ ነበረው፤ ገዢው የዋርሆልን ስጡኝ ይላል። ያላየና ያልሰማ ሰው ዋርሆል ዘፈን ጀመረ እንዴ ቢል አይፈረድበትም። በጊዜው ከሁሉም የሚታወቀው ስም እሱ ስለሆነ፣ አሳታሚው ስም ከላይ ይሁን የሚለውን ሕግ አልጣሰም፤ የሚሸጠውን ስም መረጠ እንጂ። ልማድ ሰበረ ብለን የምናደንቀው ሥራ ሲፈተሽ ልማዱን በሌላ ሰው ስም የፈጸመ ሆኖ ተገኘ።

ባንዱን ይህ ምን ያህል እንደጎዳው መናገር ያስቸግራል። አልበሙ በወጣበት ዘመን በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ አልገባም። ዘፈኖቹ ስለ ዕፅና ስለ ጨለማ ኑሮ ስለነበሩ ሬዲዮ የሚያጫውታቸው አልነበረም። በዚያ ላይ በጀርባው ሽፋን ፎቶ ላይ ከባንዱ ኋላ ምስሉ ተዘቅዝቆ የሚታይ ኤሪክ ኤመርሰን የሚባል ተዋናይ፣ ሳልፈቅድ ነው፣ ይከፈለኝ አለ። አሳታሚው ከመክፈል ይልቅ ሸክላውን ከገበያ እየሰበሰበ ምስሉን መሸፈን መረጠና ጊዜ ባከነ። ማንም የማያየው የጀርባ ሽፋን ይህን ያህል ጣጣ ማምጣቱን ልብ ይሏል። በኋላ የታተሙት ቅጂዎች ላይ ስቲከሩ ቀርቶ ሙዙ ዝም ብሎ የታተመ ሥዕል ሆነ። በዚያው በ1967 ባንዱ ዋርሆልን አሰናበተው።

በጁን 3 ቀን 1968 በአንድ ፊልሙ ላይ የተሳተፈች ቫለሪ ሶላናስ የምትባል ጸሐፊ ሥራ ቦታው ገብታ ተኮሰችበት። ቀደም ሲል የተውኔት ጽሑፏን ሰጥታው እሱ ጥሎባት ነበር። ለጥቂት ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን ሆዱን በመታጠቂያ አስሮ ነው የኖረው።

ሚክ ጃገር በ1969 ስለ ሮሊንግ ስቶንስ አልበም ሽፋን ለዋርሆል ደብዳቤ ሲጽፍ፣ አሠራሩ በተወሳሰበ ቁጥር ኅትመቱ እንደሚበላሽና ሥራው እንደሚጓተት በወዳጅነት አስጠንቅቆት፣ ከዚያ ያሻውን እንዲሠራና ዋጋውንም ራሱ እንዲናገር ነግሮት ነበር። በኤፕሪል 1971 በወጣው «ስቲኪ ፊንገርስ» ላይ የዋርሆል ሐሳብ ምን ሆነ? እውነተኛ የብረት ዚፕ! ሽፋኑ ጂንስ ሱሪ የለበሰ ወንድ ከወገብ በታች የሚያሳይ ፎቶ ነው፤ ዚፑ ይከፈታል፤ ከሥሩ ነጭ የውስጥ ሱሪ ይታያል፤ የዋርሆል ስምም እዚያ ላይ እንደ ማኅተም ታትሟል። የባንዱ ስምና ርዕሱ ወገቡ አካባቢ በትንሹ እንደ ማኅተም ተመትቷል። ፊት ደግሞ ጭራሹን የለም። ሰው ሁሉ ጃገር ነው ብሎ ገመተ፤ አልነበረም። ፎቶ የተነሱት ወንዶች ብዙ ነበሩ፤ የትኛው እንደተመረጠ ዋርሆል ሳይናገር ሞተ።

ሐሳቡን ወደ ካርቶን የለወጠው ክሬግ ብራውን የሚባል የማሸጊያ ባለሙያ ነው። ለእኛ ለተማሪዎች ትልቁ ትምህርት ያለው እሱ ጋ ነው። ሸክላዎቹ ተደራርበው ሲጫኑ የአንዱ ዚፕ የሌላውን ሸክላ ተጭኖ ጎዳው፤ ዘፈኑ ተቧጨረ። ዚፑን እንዳይተዉት ሽፋኑ ሞቶ ይቀራል። መፍትሔው ከመጫኑ በፊት እያንዳንዱን ዚፕ እስከ መሃል ድረስ ዝቅ አድርጎ መክፈት ሆነ። ያኔ ጉብታው የሚያርፈው ዘፈን በሌለበት፣ ወረቀት በተለጠፈበት የሸክላው እምብርት ላይ ነው። ስክሪን ላይ ብቻ አይቶ ፋይል የሚልክ ዲዛይነር ይህን አያስብም፤ እኔም አላስብም ነበር። በፍራንኮ አገዛዝ ሥር በነበረችው ስፔን ደግሞ ሽፋኑ ነውር ተብሎ ተከልክሎ ከጣሳ ውስጥ የሚወጡ ጣቶች ፎቶ ተተካለት።

በዚሁ አልበም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ቀይ ምላስና ከንፈርም እስከ ዛሬ ብዙ ሰው የዋርሆል ይመስለዋል። የሠራው ጆን ፓሽ ነው፤ በለንደን የሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተማሪ ሳለ በ50 ፓውንድ። የመጀመሪያውን ሥዕል የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2008 ገዝቶታል። ትልቅ ስም አጠገቡ ያለውን ትንሽ ስም እንደሚውጥ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላገኘሁም። ዋርሆል የእኔ ነው ብሎ አያውቅም፤ ሰው ነው የሰጠው።

ወይዘሮ ጁሊያ በ1972 ፒትስበርግ ውስጥ አረፉ። ዋርሆል በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ በአብዛኛው የሀብታምና የታዋቂ ሰው ፊት እየሠራ ኖረ፤ ሽፋኖቹም ወደ ፊት ተመለሱ። በ1977 ለሮሊንግ ስቶንስ «ላቭ ዩ ላይቭ» በሠራው ምስል ላይ ጃገር በእጁ ሲጽፍበት ቅር ተሰኘ፤ ሌሎች ስም ሲያጡ ዝም ያለ ሰው የእሱ ሥዕል ሲነካ ግን አመመው። በ1982 ዳያና ሮስን፣ በ1986 አሬታ ፍራንክሊንን ሠራ። እነዚህን ሳይ የልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ይታየኛል፤ ፊት፣ የጋለ ቀለም፣ ስም። እኛ ክፍል ውስጥ ካመጣነው ልማዳዊ ሽፋን በአቀማመጥ አይለዩም። የአሬታው ከመጨረሻዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ነው። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1987 ኒውዮርክ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ በ58 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ፒትስበርግ አጠገብ ከአባቱና ከእናቱ ጎን ነው።

ሙዙ ግን አልተቀበረም። በጃንዋሪ 2012 ከባንዱ አባላት ሉ ሪድና ጆን ኬል የመሠረቱት ሽርክና የዋርሆልን ፋውንዴሽን ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ምክንያቱ ፋውንዴሽኑ ሙዙን ለአይፎንና ለአይፓድ መያዣ እንዲውል መፍቀዱ ነበር። የባንዱ ክርክር ሥዕሉ በ1967 ያለ ቅጂ መብት ምልክት ስለወጣ የማንም ንብረት አይደለም፣ ሙዙን ያየ ሁሉ የሚያስበው ግን እኛን ስለሆነ የንግድ ምልክታችን ነው የሚል ነው። በሌላ አነጋገር፣ ስማችን ያልተጻፈበት ሽፋን ራሱ ስማችን ሆኗል ማለታቸው ነው። ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የቅጂ መብቱን ክስ ሲዘጋው የንግድ ምልክቱ ጉዳይ ቀረ፤ እሱም በሜይ 2013 ሁለቱ ወገኖች በምሥጢር ተስማምተው አለቀ። ሙዙ የማን እንደሆነ የሚናገር ፍርድ አልተሰጠም። ሉ ሪድ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሞተ።

የቤት ሥራዬን በኋላ እንደገና ሠራሁት። የዘፋኟን ስም ወደ ፊት ገጽ መለስኩ፤ በትልቁ ሳይሆን ስኒዋ ጠርዝ ላይ፣ በጣት የሚገፋ ሰው ቀድሞ በሚያየው ቦታ። ፎቶውን ያነሳችልኝን የክፍል ጓደኛዬን ስም ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ማርኬ እንደተቆረጠ ቀርቷል፤ ስኒዋን ግን አላነሳኋትም።